«እዚያ ጋ አስቀምጬዋለሁ» ማለት ሰለቸኝ

ቧንቧው የፈነዳው ሌሊት ነው። ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። እኔ ግን ውሃውን ትቼ የኢንሹራንስ ውሉን ፍለጋ መሳቢያ እገለብጣለሁ። ያገኘሁት ጊዜው ያለፈበትን ነው! የታደሰው ከመብራት ደረሰኝ ጋር ተጣብቆ፣ አልጋ ሥር ካለ ካርቶን ወጣ። የቴሌቪዥኑ መግዣ ደረሰኝ ደግሞ ጽሑፉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሆኗል። (በማሽን የሚታተም ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ሲቆይ እንዲህ ነው፤ ያኔውኑ ፎቶ ማንሳት ነበር።) ስደውል የመጀመሪያው ጥያቄ «የውል ቁጥር?» ሆነ። ጉዳቱን ማሳወቅ ከዘገየ ደግሞ ካሳው ራሱ ያከራክራል። ቤት ውስጥ ሁላችንም «እዚያ ጋ አስቀምጬዋለሁ» እንላለን። እዚያ የት? አንድ ፎልደር፣ አንድ ቦታ፣ አሮጌው ከአዲሱ ተለይቶ። ይሄ እንዴት ያቅተናል? እውነት አንገብግቦኛል።