ከሐይቁ በፊት ጨለለቃን እንይ

ሐዋሳ ላይ ክረምቱ ጠንከር ሲል ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ “ሐይቁ ሞላ እንዴ?” አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የሄደም፣ ፍቅር ሐይቅ ሊናፈስ የወጣም መጀመሪያ ዳርቻውን ነው የሚያየው። ስጋቱ አግባብ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ሲሞላ ወደ እኛ ነው የሚመጣው።

እኔ ግን ከሐይቁ በፊት መታየት ያለበት ቦታ አለ ባይ ነኝ። ጨለለቃ ነው።

ከሻሸመኔ ስትመጡ፣ ጥቁር ውሃ ልትደርሱ ስትሉ፣ በስተግራ አረንጓዴ ሜዳ ይታያል። ላሞች ተበትነው ይግጣሉ። ለዓይን የግጦሽ መሬት ነው። ጠጋ ብላችሁ ግን የአንዷን ላም እግር ተመልከቱ። እርምጃ ባነሳች ቁጥር ጭቃው ይጎትታታል፣ ሰኮናዋ የነበረበት ጉድጓድ ወዲያው ውሃ ይሞላል። ከላይ ሣር፣ ከሥር ውሃ።

ይህ ረግረግ ድሮ ሐይቅ ነበር። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ውሃ ብቻ አይደለም ይዘው የሚመጡት። ደኑ ሲመነጠር አፈሩም አብሮ ወረደ፤ ጨለለቃም ቀስ በቀስ ተደፈነ። ያም ሆኖ ሥራውን አልተወም። ጎርፉን ተቀብሎ ያስተኛዋል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ከዚያ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ቀስ አድርጎ ወደ ሐይቁ ይልካል። ቦታው በጠበበ ቁጥር ግን ውሃው ሌላ መተኛ ይፈልጋል። ማሳም ይሁን የሰው ቤት፣ አይመርጥም።

ታዲያ ውሃው ዛሬ የት ድረስ እንደተኛ በምን እንወቅ? ታኅሣሥ 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትመጥቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እሷ ግን ፎቶ የምታነሳ ነበረች። የሐምሌ ደመና ሲጋረድ ካሜራ ምንም አያይም፤ ውሃው የሚሞላው ደግሞ ያኔ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ራዳር ነው። የአውሮፓ የስፔስ ኤጀንሲ ሴንቲኔል-1 የተባሉትን የራዳር ሳተላይቶች ማምጠቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላል፤ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። አንዱ ሳተላይት በ12 ቀን አንዴ ያንኑ ቦታ ይደግማል። ምስሉ ደግሞ በነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ያወርደዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተረጋጋ ውሃ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ሰው “ጥቁሩን ፈልግ፣ ውሃ ነው” ይላል። ለሐይቁ ይሠራል፤ ለጨለለቃ አይሠራም። ፊላና ቄጠማ በበቀለበት ቦታ ሞገዱ ውሃውን ይመታል፣ ከዚያ አገዳውን ይመታል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሳተላይቱ ይሄዳል። ያ ቦታ ከደረቁ ጊዜ ይልቅ ደምቆ ይታያል። ጥቁሩን ብቻ የሚቆጥር ባለሙያ የላሟን እግር የያዘውን ውሃ “ደረቅ መሬት” ብሎ ይመዘግበዋል።

ዕፅዋቱ በጣም ሲጠቀጠቅ የሴንቲኔል አጭር ሞገድ ከሥር አይደርስም። ሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ሕንድ በጋራ ያመጠቁት ኒሳር ግን ወደ 24 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ረጅም ሞገድም አለው፤ የተሻለ ጠልቆ ይገባል።

ሳተላይት ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። በአንድ ሰዓት ዝናብ መንገድ የሚያጥለቀልቀውን ድንገተኛ ጎርፍ በ12 ቀን አንዴ የሚመጣ ዓይን አይደርስበትም። ያ የቦይ ጉዳይ ነው። ረግረጉ ግን ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይጎድላል። ለእሱ ይበቃል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከተማ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ ምስሉን ማንበብ የሚችል አንድ ወጣት፣ በየ12 ቀኑ አንድ ካርታ። ካርታው በሲዳምኛም በአማርኛም ተጽፎ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ። መሬት የሚመራው ሰው ፊርማ ከማኖሩ በፊት የነሐሴውን ካርታ ይይ፤ በጥር ደርቆ ያየው ቦታ በነሐሴ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ካርታ ሲወጣ ግን ቢሮ ከመግባቱ በፊት ጥቁር ውሃ ወርዶ ለከብት ጠባቂዎቹ ይታይ። የቱ ጋ እንደተሳሳተ በጣታቸው ያሳያሉ።