"ጌታ ያዘጋጃል" የምንለው ለማን ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ወንጌላዊ ቤታችን አድሮ ነበር። የመጣው ከደቡብ ኦሞ ቆላ ነው። እዚያ ስድስት ዓመት አገልግሏል። በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ዓይኔ አረፈበት፤ የቀኙ ሶል በሲባጎ ተሰፍቷል። ማታ ቡና ላይ ስለ አገልግሎቱ ስንጠይቀው ጌታን ስለተቀበሉት ሽማግሌ፣ ነፋስ ስለወሰደው የጸሎት ቤት ጣሪያ፣ ከዝናብ በኋላ ስለሚነሳው ወባ በደስታ አወራን። ስለ ራሱ ግን አንድም ቃል አልወጣውም። ቀስ ብላ ያወጣጣችው ባለቤቴ ናት። የላከችው ቤተ ክርስቲያን ወርሃዊ ድጋፉን ካቋረጠች አራት ወር ሆኗታል። "ደውለህ ነበር ወንድሜ?" አለችው። ሁለት ጊዜ ደውሏል። "ጌታ ያዘጋጃል፣ በርታ አሉኝ" አለ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ የሚባል ነገር የለም። እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ጌታ ያዘጋጃል፤ በዚህ አምናለሁ፣ በራሴም ቤት አይቼዋለሁ። ግን ይህን ቃል መጀመሪያ ማን እንዳለው እናስታውስ። አብርሃም ነው፤ እሳቱንና ቢላዋውን በእጁ ይዞ፣ የገዛ ልጁን አስከትሎ ወደ ሞሪያ ሲወጣ። ሊከፍል የወጣው እርሱ ራሱ ነበር። እኛ ቃሉን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን፣ በስልክ፣ ቤቱ ዱቄት ላለቀበት ሰው እንናገረዋለን። ያኔ ቃሉ እምነት መሆኑ ይቀርና ስልክ መዝጊያ ይሆናል።

ሌላም አለ። ሚሲዮናዊ ስንሸኝ ሁሌ የምንጠቅሰው ጥቅስ ፊልጵስዩስ 4፥19 ነው፤ አምላኬ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላባችኋል የሚለው። እጅ ጭነን፣ ጥቅሱን አንብበን፣ አሜን ብለን እንሸኛለን። ግን ከፍ ብላችሁ ከቁጥር 15 ጀምራችሁ አንብቡት። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ከእስር ቤት ነው፤ የጻፈውም ስጦታ ለላኩለት ሰዎች ነው። ከመቄዶንያ ከወጣ በኋላ በመስጠትና በመቀበል ከእነርሱ በቀር አንድም ቤተ ክርስቲያን አልተባበረውም። ተሰሎንቄ እያለ አንዴም ሁለቴም ልከውለታል። አሁን ደግሞ አፍሮዲጡ የሚባለውን ወንድም ልከዋል፤ ይህ ሰው በዚሁ ሥራ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። እንግዲህ የተስፋው ቃል የተነገረው ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከመካከላቸው ሰው መርጠው፣ ለጎደላቸው ለላኪዎቹ ነው። እኛ አዙረን ምንም ያልላክንለት ሰው ላይ ለጠፍነው።

እግዚአብሔርን መታመን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወላይታ አለልን። ኤስ አይ ኤም የሚባለው የውጭ ሚሲዮን ድርጅት እዚያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ኢጣሊያ ሀገሩን ስትይዝ ሚሲዮናውያኑን አስወጣቻቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሶዶን ለቀው የወጡት በ1937 ነው። ዘጠኝ ዓመት ተሠርቶ በወላይታ የተጠመቁት 48 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸው ጥቂት የመጽሐፍ ክፍል ነው። በዛሬው የሪፖርት ቅጻችን ብንሞላው "ውጤት የለውም" ብለን ፕሮጀክቱን እንዘጋው ነበር። ሚሲዮናውያኑም ሲሄዱ ምን እንደሚሆን አላወቁም። ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም። ትተው የሄዱትን ለእግዚአብሔር ከመስጠት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት 10 ሺህ ያህል ምእመን ነው።

ይህን ቁጥር ሁላችንም በኮንፈረንስ ሰምተነዋል፤ እልል ብለንበታል። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚነካኝ የእስር ቤቱ ታሪክ ነው። በወረራው ዘመን የምእመናኑ መሪዎች ታስረው ተገርፈዋል። ከእነርሱ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በአደባባይ ተገርፏል። ከድብደባው የተነሳ የሞቱም አሉ። እስር ቤቱ ለእስረኛ ምግብ አይሰጥም፤ ዘመድ ያላመጣለት ይራባል። ታዲያ ምእመናኑ ከየቀበሌው ስንቅ ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ገና ትናንት ያመኑ፣ ራሳቸው ጎተራቸው ያልሞላ ገበሬዎች። የሚያመጡት በዝቶ ለሌሎቹ እስረኞችም ይተርፍ ነበር። ውጭ ሆኖ ያየው ሰው እነዚህ ሰዎች እንዲህ የሚዋደዱት በምን ምክንያት ነው ብሎ ጠየቀ። ብዙዎች ወደ እምነት የመጡት በዚህ ነው። ዋንዳሮ ጀርባውን ለጅራፍ ሰጥቶ ጌታን ታመነ። ስንቅ ይዛ የመጣችው እናትም ነገ ልጆቿ ምን እንደሚበሉ ሳታውቅ ጌታን ታመነች። ለእኔ ሁለቱ አንድ እምነት ናቸው። የእሷን ስም ግን ማንም አልመዘገበውም።

ከዚያ በኋላ ይቺው ቤተ ክርስቲያን ራሷ ላኪ ሆነች፤ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወጡ። የዛሬው የደቡብ ኦሞ አገልግሎት ከዚያ ዘር የበቀለ ነው።

"ፍሬ የት አለ?" እያሉ በየሩብ ዓመቱ የሚጠይቁ የኮሚቴ ወንድሞቼን ደግሞ አናሲሞስ ነሲብን አስቡ እላቸዋለሁ። ኢሉባቦር ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። ወንጌልን ወደ ወገኖቹ ይዞ ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመረ። መንገዱ ተዘጋ፣ በንዳድ ታሞ ተመለሰ። ነቀምት የገባው በ1904 ነው። 23 ዓመት! በመካከሉ ግን ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ተቀምጦ ይተረጉም ነበር። እንደ እሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ በቃላቱ ሥራ ብዙ ደክማለች። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በእነዚያ ዓመታት ሪፖርት ቢጠየቅ "እስካሁን ቦታው አልደረስኩም" ከማለት ሌላ ምን ይጽፍ ነበር?

ወንጌላዊው ራሱ እርሻ ይጀምር፣ ድጋፍ ጥገኛ ያደርጋል የሚሉ አሉ። በከፊል እስማማለሁ፤ የሚያርሱ ወንጌላውያን አውቃለሁ፣ እንግዳችንም ማሽላ ይዘራል። ዝናብ በቀረ ዓመት ግን ማሽላም ይቀራል። ደግሞ ጥገኛ እንዳይሆን የፈለገ ሰው ቀድሞ ይነግረዋል፣ ዘርና በሬ ይገዛለታል። በድንገት ዝም አይለውም።

እኛ ቤት ያደረው ወንድም በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ አደረስኩት። ባለቤቴ ጫማ ገዝታለት ነበር፤ አላደረገውም፣ ለመንገድ አያስፈልገኝም ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ከሰፈራችን ስድስት ቤተሰብ ሆነን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን እንልክለታለን። ብዙ አይደለም። አንዳንዱ ወር ላይ እኛም ይከብደናል፣ ከሌላ ነገር እንቀንሳለን። ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ብቻ ስለሆነ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወጥቶ ይደውላል። ባለፈው እሁድ ልጁ በወባ ተኝታ እንደነበር፣ አሁን ተነስታ መጫወት እንደጀመረች ነገረን። ከዚያ፣ "የእናንተ ልጅስ ፈተናው እንዴት ሆነለት? በየጠዋቱ ስሙን እየጠራን እየጸለይን ነው" አለን።