ከርቡ ጥግ ላይ ሲደርስ

መንገድን በኮምፒውተር ሞዴል ስሠራ፣ ቀጥታው ላይ ከርቡ (የመንገዱ ጠርዝ) እንደ ክር ተስቦ ይሄዳል። ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይበላሻል! የ6 ሜትር ራዲየስ ያለው ሩብ ክብ ርዝመቱ 9.4 ሜትር ገደማ ነው። ሴክሽኑ (መንገዱን አግድም የሚቆርጠው መስመር) በየ10 ሜትሩ ከተቀመጠ ኩርባው መሀል ቢበዛ አንድ ብቻ ያርፋል፤ ከርቡ ጥጉን በቀጥታ መስመር ቆርጦ ያልፋል። እሺ፣ በየግማሽ ሜትሩ አጠጋጋሁት። የውስጥ ጥጉ ሹል ከሆነ ደግሞ የሴክሽኖቹ መስመሮች እርስ በርስ ይቆራረጣሉ። አንድ ነጥብ ላይ ሁለት ከፍታ!

በእጅ አጽድቼ ስጨርስ ፕሮፋይሉ (የመንገዱ የከፍታ መስመር) ትንሽ ይቀየራል፣ ኮሪደሩ (ሙሉው የመንገድ ሞዴል) እንደገና ይሠራል፣ ልፋቴን ውሃ በላው። ይህን ሥራ እስከ መቼ በእጅ እንሠራለን? «ትንሽ ጥግ ናት፣ እለፋት» የሚሉኝ ደግሞ ያበግኑኛል። ከፍታው ከተሳሳተ ውሃው የሚተኛው እዚያው ነው፣ እግረኛና ዊልቸር የሚሻገሩበት ቦታ ላይ።