የማይታየው ነው ሐይቁን ያቆመው

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ስለ ሎጎ ሐይቅ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ ባለሙያ ተነሥቶ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ፕላንክተን፣ ማለትም በውሃው የሚንሳፈፈው ደቃቅ ዕፅዋትና እንስሳ፣ በየወሩ በማይክሮስኮፕ ይታይ አለ። መድረክ ላይ የነበሩ ኃላፊ ወዲያው መለሱለት፦ «በዓይን ለማይታይ ነገር በጀት አንመድብም። የዓሣ ጫጩት ጨምረን ሐይቁን እናልማው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

በዓይን አይታይም ማለት ምን ማለት ነው? ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው እርሾ ውስጥ ያለው ፍጥረት ይታያል? ጠላውን የሚያፈላውስ? የኮሌራን ተሕዋስ በዓይኑ ያየ ሰው አለ? ታዲያ ለኮሌራ በጀት የምንመድበው ለምንድን ነው? ይህን ክርክር አንድ ተማሪ ቢያነሣው እንኳ አፍርበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሣሩ አልጌ ነው። የመስታወት ቅርፊት ያለው ዳያተም አለ፣ አረንጓዴው አለ፣ ሰማያዊ አረንጓዴው አለ። ይህን ሣር የሚግጡት በጎች ደግሞ እንደ ዳፍኒያ ያሉ ደቃቅ እንስሳት ናቸው። በጎቹ ካለቁ ሣሩ ውሃውን ይውጠዋል። ዓይነቱ ሲበዛ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ቦታውን ይሸፍናል። ጥቂት ዓይነት ብቻ ሲቀር ግን ሐይቁ በአንድ እግሩ ቆመ ማለት ነው።

ደግሞ ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ስጋት አይደለም። እዚሁ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው በሎጎ ላይ ደርሶብናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ክብ ሳህን በገመድ አስረው ሐይቁ ውስጥ ሲያወርዱ እስከ 9 ሜትር ድረስ ይታያቸው ነበር። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር ማለት ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተለቀቀበት። ከዓመታት በኋላ ሲለካ ሳህኑ ሁለት ሜትር ሳይደርስ ጠፋ። ትንንሾቹ ዓሦች በጎቹን ይበላሉ፣ ሣሩ የሚግጠው ያጣል። ምሁራኑ ሌላም ምክንያት ይጨምሩ ይሆናል። ለእኔ ግን ዋናው ጥፋት ግልጽ ነው፦ ማን ማንን እንደሚበላ ሳናውቅ ዓሣ ጨመርን። አሁን ያንኑ እንድገመው እያሉን ነው!

ዓሣ አስጋሪው እንጀራ ይፈልጋል፣ አልክድም። ግን የሱም እንጀራ ያለው እዚያው የማይታየው ውስጥ ነው። አልጌው በዝቶ ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣው ያልቃል። ከሰማያዊ አረንጓዴዎቹ ደግሞ መርዝ የሚያመነጩ አሉ፤ አንዳንዱ መርዝ ውሃው ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ከብት ይጠጣዋል፣ ልጅ ይዋኝበታል።

ሎጎ ደግሞ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርድቦ ሐይቅ በኩል የሚወርደው ውሃ፣ ከየማሳው የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ የልብስ ሳሙናው፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። አልጌው የሚደልበው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ሳያዩ ዓሣ መጨመር ልማት አይባልም። ድፍረት ነው።

የተጠየቀው እኮ ትንሽ ነገር ነው። ጀልባ፣ ደቃቅ መረብ፣ ጠርሙስ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው። ደሴ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፣ ሰው አይጠፋም። ቀጣዩ ጫጩት ከመለቀቁ በፊት እኚህ ኃላፊ ራሳቸው ጀልባ ላይ ይውጡ። ያንን ሳህን በገመድ ያውርዱና ስንት ሜትር ላይ ከዓይናቸው እንደተሰወረ መጥተው ይንገሩን።