ቀና ሳይሉ ለሚያውቁ

በየምሽቱ በነጻ ለሚያገለግሉን ሊቃውንት አንድም ቀን ምስጋና አለማቅረባችን ነውር ነው። ሰማይ ላይ ብርሃን ብቅ ሲል፣ ሌላው ሰው ገና "ምንድን ነው?" ብሎ ሳይጨርስ፣ "ሳተላይት ነው" ብለው የሚገላግሉንን ማለቴ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ስድብ ነው። ለእነሱ ግን ማዕረግ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ላመስግን። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች አንዲት የብርሃን ነጥብ ምን እንደሆነች ለመናገር ቴሌስኮፕ ይፈልጋሉ፣ ያሰላሉ፣ ይከራከራሉ፣ ወራት ይፈጃሉ። ምስኪኖች። የእኛ ሊቅ አንገቱን እንኳ አያቀናም። ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ እውቀቱ ምህዋር ላይ ነው። ጣታችሁን ወደ ምሥራቅ ቀስሩ ወደ ምዕራብ፣ ለእሱ ለውጥ የለውም። ማየት የጀማሪ ሥራ ነው።

በተለይ ፕላኔቷን ቬነስን የሚያስተናግድበት መንገድ ያስደንቀኛል። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ የሰማዩ ደማቅ እሷ ናት። በወቅቷ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ በኩል ቁጭ ትላለች። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሳተላይት ደግሞ ቁጭ ማለት አያውቅም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። ምድርን አንዴ ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። በእኛ ሰማይ ላይ የሚታየውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ደፋር ተነስቶ "ይሄኛው እኮ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም" ቢልስ? መልሱ ተዘጋጅቷል። "እሱ ቋሚው ዓይነት ነው።" አቤት እውቀት! እርግጥ ከምድር እኩል ስለሚዞር አንድ ቦታ የቆመ የሚመስል ሳተላይት አለ። የሚገኘው ግን 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። እንደ እኔና እናንተ ያለ ተራ ሰው በባዶ ዓይኑ ሊያየው አይችልም ማለት ይቻላል። ሊቃችን ግን ያያል። ያውም ቀና ሳይል።

ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች የሚያደርገው ውለታም ሊረሳ አይገባም። ሳተላይትን የምናየው የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅልን ነው። መንገድ ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት እያበራ አይሄድም። ድምፁም አይሰማም። ስለዚህ ቀይና አረንጓዴ ይዞ፣ ብልጭ ድርግም እያለ፣ እያጓራ የሚያልፈው ነገር ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ይገምታል። ሊቃችን "ሳተላይት ነው" ሲል ግን ውስጥ ያሉት መንገደኞች በሙሉ ጠፈርተኛ ሆነው ያድራሉ። የትኬት ጭማሪ የለበትም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። ዝቅ ብለው የሚበሩ ሳተላይቶች ጎልተው የሚታዩት በምሽቱ መጀመሪያና ከንጋት በፊት ነው። እኛ ዘንድ ሲጨልም እነሱ ያሉበት ከፍታ ላይ ገና ፀሐይ አለ። አንዳንዱ ደምቆ ሲሄድ ቆይቶ መሀል ሰማይ ላይ ድንገት ድርግም ይላል። የምድር ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ብዙዎቹ እዚያው ጥላ ውስጥ ናቸው። ሊቃችን ታዲያ መቼ የሚበረታ ይመስላችኋል? እኩለ ሌሊት ላይ! የጨለመበትን ሳተላይት በጨለማ መለየት ከተሰጥኦ ሌላ ምን ይባላል?

በሜይ 2019 ግን እውነተኛ የክብር ቀን ገጠመው። ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ የሮኬት ኩባንያ ስታርሊንክ የሚላቸውን የኢንተርኔት ሳተላይቶች የመጀመሪያዎቹን 60 በአንድ ጊዜ አመጠቀ። ብርሃኖቹ ተሰልፈው እንደ ባቡር ሲያልፉ ያየ ሁሉ ክው አለ። ዩፎ ነው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ነው ያለ ነበር። ሊቃችን "ሳተላይት ነው" አለ፣ እና ሳተላይት ነበር። ከዚያ ድል እስከ ዛሬ አላገገመም። ሰልፉ በዚያ መልክ የሚታየው ከመጠቁ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ቀስ በቀስ ወደ ምህዋራቸው ከፍ እያሉ ይራራቃሉ፣ ይደበዝዛሉም። ለእሱ ግን ከዚያ ወዲህ ስታርሊንክ ያልሆነ ነገር ሰማይ ላይ የለም። ተወርዋሪ ኮከብ፦ ስታርሊንክ። ኮረብታ ላይ የተተከለ የአንቴና መብራት፦ ስታርሊንክ። አድማስ ላይ ሆኖ ቀለም የሚቀያይረው ሲሪየስ የተባለው ደማቅ ኮከብማ አይነሳ።

የሚተቹት ሁሉ ደግሞ ይህን ስሙና እፈሩ። በ2020 መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎች ጂኤን-ዜድ11 ከተባለው እጅግ ሩቅ ጋላክሲ የመጣ የሚመስል ብልጭታ አግኝተናል ብለው ጻፉ። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲጓዝ 13 ቢሊዮን ዓመት አልፎታል ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ሌሎች ተመራማሪዎች መጡና ብልጭታው ከሩሲያው ፕሮቶን ሮኬት ተርፎ ምህዋር ላይ የቀረ ቁራጭ መሆኑን አሳዩ። ሊቃችን ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። "ብያችሁ ነበር!" በእርግጥ እነዚያ ሰዎች በዚያች ሰዓት፣ በዚያች የሰማይ ነጥብ ላይ የትኛው ቁራጭ እንዳለፈ አንድ በአንድ ፈትሸው ነው የደረሱበት። አያችሁ? ይሄ ሁሉ ድካም ለአንድ ቃል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጣችሁ። ሊቁን "የትኛው ሳተላይት?" ብላችሁ አታስቸግሩት። በሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ናቸው፣ የሁሉንም ስም ይያዝላችሁ? የትኛው በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚናገር ነጻ አፕ ስልኩ ላይ መጫን ይቻላል። ስልኩ ደግሞ እጁ ላይ ነው። ግን ክብሩስ?

ከጨቀጨቃችሁት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሚስጥራዊ ነው፣ የሰላይ" ይላችኋል። ይህም ቢሆን አያስኬድም። የሰላይ ሳተላይቶችን ምህዋር በትርፍ ጊዜያቸው የሚከታተሉ አማተሮች አሉ። በኦገስት 2019 ዶናልድ ትራምፕ የኢራን የሮኬት ማስወንጨፊያ ላይ የደረሰውን አደጋ የሚያሳይ ፎቶ በትዊተር ለቀቁ። አማተሮቹ የጥላውን አቅጣጫና የፎቶውን ማዕዘን ለክተው ያነሳው ዩኤስኤ 224 የተባለው ሳተላይት ነው አሉ። ማንም ሳይነግራቸው። ቀና ብለው ግን ነበር።

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ሊቃችን የመጨረሻውን ካርድ ይመዛል። "እንግዲያውስ ድሮን ነው።" እዚህም ብቻውን አይደለም። በዲሴምበር 2024 አሜሪካ ውስጥ የድሮን ወሬ ሲጦፍ፣ የቀድሞው የሜሪላንድ ገዥ ላሪ ሆጋን ከቤታቸው ሰማይ በላይ አየሁ ያሏቸውን ድሮኖች ቀርጸው ለሕዝብ አሳዩ። ሰማይ የሚያውቁ ሰዎች ቪዲዮውን ሲያዩት ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ነው። ሆጋን ባለሥልጣናቱ ስለ ድሮኖቹ ግልጽ መረጃ እንዲሰጡ ጠይቀው ነበር። የኦሪዮን ባለቤት ማን እንደሆነ እስካሁን መግለጫ የሰጠ መሥሪያ ቤት የለም።