ባንጆውን ረሳችሁት
ጽሁፉ አሪፍ ነው ግን ቨርጂኒያ ስላለው የጋላክስ የሙዚቃ ፌስቲቫል ስታወሩ ኦልድ ታይም የሚባለውን በፊድል (ቫዮሊን) እና በባንጆ የሚጫወቱትን የድሮ የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ "የነጭ ገበሬዎች ሙዚቃ" ብላችሁ ማለፋችሁ አልተመቸኝም። ባንጆ የሚባለው ባለ ክር መሳሪያ እኮ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ያመጡት ነገር ነው፣ መጀመሪያ ቅል ላይ ቆዳ ተወጥሮ ነበር የሚሰራው፣ ነጮቹ የተማሩት ከነሱ ነው። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የሚባሉት ጥቁር ልጆች ከሰሜን ካሮላይናው ሽማግሌ ፊድል ተጫዋች ከጆ ቶምፕሰን ስር ቁጭ ብለው ተምረው በ2011 ግራሚ ወስደዋል፣ አንድ መስመር ብትጽፉላቸው ምን ነበረበት?

እኛ ከዲሲ በመኪና ሄደን ነበር። ከ1935 ጀምሮ ያለ ፌስቲቫል ነው (በፈረንጅ)፣ ኦገስት ላይ ፌልትስ ፓርክ። እውነት ለመናገር ስቴጁ ውድድር ስለሆነ ቶሎ ይሰለቻል፣ ዋናው ነገር ያለው ካምፐሮቹ (እዛው ድንኳንና መኪና ውስጥ የሚያድሩት) መሀል ነው፣ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ወንበር ስቦ ይቀላቀላል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ክላውሀመር በሚሉት ስታይል ባንጆ ስትጫወት ቆሜ አየሁ፣ ጣቷን አጠፍ አድርጋ በጥፍሯ ጀርባ ወደታች ትመታለች ከዛ በአውራ ጣቷ አጭሯን አምስተኛ ክር ነካ ታደርጋለች፣ ያቺ ክር ዜማው ቢቀያየርም ያው አንድ ድምፅ ናት። ፊድሉም ያንኑ ዜማ ነው ደጋግሞ የሚጫወተው፣ ሶሎ ምናምን የለም። ጓደኛዬ "ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?" አለኝ፣ እኔ ግን ማሲንቆ እየሰማ ላደገ ሰው ምኑ ይከብዳል ባይ ነኝ። ብቻ የምትሄዱ ታጣፊ ወንበርና የዝናብ ልብስ ያዙ፣ ዝናብ ከመጣ ጭቃው አይጣል ነው።