የአልጌ ጣጣው አሰባሰቡ ላይ ነው

ስለ ማይክሮአልጌ (ውኃ ውስጥ የሚያድግ፣ በዓይን የማይለይ ደቃቅ ዕፅዋት መሰል ነገር) ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ዕድገቱ ነው። ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካገኘ ቶሎ ይራባል፤ ለምግብ፣ ለመኖ፣ ለነዳጅም ይሆናል። እውነት ነው። ግን አልጌው ያለው ውኃ ውስጥ ነው። ከዚያ እንዴት ይወጣል?

በክፍት ኩሬ 1 ሊትር ውኃ የሚይዘው ደረቅ አልጌ ብዙ ጊዜ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ 1 ኪሎ ለማግኘት 2,000 ሊትር ማጣራት ሊኖርብን ነው። ሁሉንም ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ጠጣሩን ከውኃው የሚለይ ማሽን) ውስጥ ማሽከርከር ይቻላል፤ የመብራቱ ወጪ ግን ትርፉን ይበላዋል። ነዳጅ ለማምረት ይህን ያህል ኃይል ማቃጠል ለእኔ ፈጽሞ አይዋጥልኝም።

ዝም ብለን ብንተወውስ አይዘቅጥም? ቶሎ አይዘቅጥም። የክሎሬላ (አንድ የማይክሮአልጌ ዓይነት) ሕዋስ ስፋቷ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ብትሆን ነው፤ ክብደቷም ከውኃው ብዙ አይለይም። በዚያ ላይ ሁሉም ላያቸው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ፍሎኩሌሽን የሚባለው ይህን መገፋፋት አስቁሞ ማጓጎል ነው። (ስፒሩሊና የሚባለው ዓይነት ክር መሳይ ስለሆነ በጥሩ ወንፊት ይያዛል፤ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።)

በብርጭቆ ሞክሩት። አረንጓዴው ውኃ ላይ ትንሽ የቺቶሳን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ማጓጎያ) ብጥብጥ ጠብ አድርጉ። መጀመሪያ ፈጠን፣ ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉት። ውኃው እንደ ወተት ይበጠሳል። ማማሰሉን ስታቆሙ ጥጥ የመሰለው አረንጓዴ ነገር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ይቀራል። ቺቶሳኑ ሲበዛ ግን ሕዋሶቹ ፖዘቲቭ ይሆኑና እንደገና መገፋፋት ይጀምራሉ።

ምን ይጨመር የሚለው ላይ ነው ብዙ ስህተት የሚሠራው። አሉሚኒየም ሰልፌት ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። አሉሚኒየሙ ግን ከአልጌው ጋር ይቀራል። ያን ለሰው ምግብ ወይም ለከብት መኖ ማቅረብ አይገባም። ቺቶሳን ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ በመሆኑ ይሻላል፤ ጨዋማ ውኃ ላይ ግን ይደክማል። እዚያ ፒኤቹን (የአሲድና የአልካሊ መለኪያውን) ከ10.5 በላይ ከፍ ማድረግ ነው፤ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ሲዘቅጥ አልጌውን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት ምርቱ ለምን እንደሚውል ይወሰን።

ዝቃጩ በሊትር 20 ግራም ከያዘ ያ 2,000 ሊትር 50 ሊትር ሆነ ማለት ነው። ሴንትሪፊውጁ የሚነሳው ለዚያች 50 ሊትር ብቻ ይሁን።